«ቀጥሎ ምን ላንብብ?»

«ቀጥሎ ምን ላንብብ?» ብሎ ለሚጠይቅ አንባቢ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ምን ዕዳ አለበት? የሚወደውን መስጠት ነው ወይስ የሚጠቅመውን? የሚጠቅመውን እኔ አውቅለታለሁ ያለ ሞግዚት ሆኗል። የተጠየቀውን ብቻ የሚያቀብልም ከመደርደሪያው አይሻልም።

እስቲ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሦስት ሰዎች አንብበው መለሱ እንበል። አንዱን የያዘው የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ነው። ሁለተኛው በፊታውራሪ መሸሻ ሲስቅ ነው ያመሸው። ሦስተኛው ግን ጉዱ ካሣ ሥርዓቱን ሲሞግት እንቅልፍ አጥቷል። ሦስቱም «እንዲህ ያለ ሌላ አለ?» ይላሉ። ለፊተኛው የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» ይሆነው ይሆናል፤ ለኋለኛው የአቤ ጉበኛ «አልወለድም»። ለሳቂውስ? እንጃ፤ እሱን ራሱን መጠየቅ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ዕዳ «የቱ ላይ ደስ አለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን በ1931 እ.ኤ.አ. ካሳተማቸው አምስት ሕግጋት ሁለቱ ስለዚሁ አንባቢንና መጽሐፍን ስለ ማገናኘት ናቸው። ሠራተኛው አገናኝ ነው፤ ጋብቻው የሱ አይደለም።

«ታዲያ የወደደውን ብቻ ሲያሳድድ መቼ ያድጋል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ድልድይ የሚጀመረው ሰውየው ከቆመበት ዳር ነው። ሁለት ሦስት መጽሐፍ ፊቱ ማስቀመጥ፣ አንዱን ራቅ ያለ ማድረግ፣ ምርጫውን ለሱ መተው፤ ጀምሮ ቢጠላውም ሳያፍር እንዲመልሰው መንገር። ሳያፍር የመለሰ ነገም መጥቶ ይጠይቃል፤ ያፈረ ግን በዚያው ይቀራል።