ተያዥ ያጣ ሰው

አሠሪ ስለሚቀጥረው ሰው ምን ያህል የማወቅ መብት አለው? ላስታ ለዚህ የቆየ መልስ ነበራት፤ «የማን ልጅ ነህ?» ከብልባላ ወይም ከገነተ ማርያም ላሊበላ ገብቶ ሥራ የሚጠይቅ ወጣት አባትና አያቱን ከቆጠረ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም ነበር። ይህን እያነሱ «ድሮ መተማመን ነበር» የሚሉ አሉ። ለማን? የሸክላ ሠሪውና የቀጥቃጩ ልጅም ተጠይቋል፤ አባቱን ሲጠራ «ቡዳ» ተብሎ በሩ ተዘግቶበታል። እሱ ያላጠፋው በአጥንቱ ተቆጠረበት። ስለዚህ «ከወሬ ወረቀት ይሻላል» የሚለውን ሰው ሐሳብ አልንቅም።

ግን ወረቀቱስ ምን ይጠይቃል? በ2012 ኮቪድ ቱሪስቱን አስቀረ፤ በ2013 ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ገባ። ከአስጎብኚውና ከሆቴል ሠራተኛው ሥራ አጥቶ እንጀራ ፍለጋ አዲስ አበባ የገባ አለ። እዚያ ጥበቃ ወይም ገንዘብ ያዥ ልሁን ሲል የጣት አሻራ፣ የሥራ ልምድና ተያዥ አምጣ ይባላል። አሻራው ቀላሉ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነጻ እንዲሰጠው ያዛል፤ በተዘጋ ሆቴል ስም ግን ማኅተም የሚመታለት ማን ነው?

ከሁሉ የሚከብደው ተያዡ ነው። የዋስትና ደብዳቤው የዋሱን መሥሪያ ቤትና የወር ደመወዝ ይናገራል። ዋሱ ልጁን ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቀው፣ ምን ሲሠራ እንዳየው የሚጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ የለም። የሚመረመረው እንግዲህ የተቀጣሪው ጠባይ ሳይሆን የዘመዱ ኪስ ነው። «የማን ልጅ ነህ?» ልብሱን ቀይሮ ተመለሰ።

ልጇን ለሞግዚት የምትተው እናት ስለዚያች ሞግዚት የመጠየቅ መብት አላት፤ ይህን የሚክድ የለም። ሆኖም አሠሪ የሚፈራው ነገን ነው፣ የሚመረምረው ትናንትን። በሁለቱ መካከል ሰውየው ራሱ አለ፤ ሊለወጥ የሚችል ሰው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ እንኳ ቅጣቱን የፈጸመ ሰው ሁኔታው ሲሟላ ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት ለፍርድ ቤት እንዲያመለክት ይፈቅዳል። ዳኛ የሰረዘውን የሰው ኀይል ክፍል ለምን ዕድሜ ልክ ያቆየዋል?

ለእኔ ፍትሐዊው ምርመራ ከሥራው የማያልፍና ተመርማሪው የሚሰማው ነው። አሁን ግን ለቀድሞው አሠሪ ይደወላል፤ «ጸባዩ እንዴት ነው?» ከወዲያ በኩል «ይቅርብዎ» ይባላል። በአንዲት ቃል የሰው እንጀራ ተዘጋ፤ እሱ ደጅ ተቀምጦ ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል። ደዋዩ አስገብቶት «እንዲህ ተብለሃል፣ ምን ትላለህ?» ሊለው ይገባል። ሊዋሽ ይችላል። ያልተከፈለውን ደመወዝ ስለጠየቀ የተጠላ ሰው ሊሆንም ይችላል።