ሟችን እንደ ነበረ ማሰብ

ሐረርን ሊጎበኝ የሚሄድ ሰው፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ «ራምቦ ቤት» ተብሎ የሚጠራውን፣ በባለ ቀለም መስተዋት የተዋበውን የእንጨት ቤት ሳያይ አይመለስም። ይሁን እንጂ ቤቱን ያሠራው አንድ የሕንድ ነጋዴ እንደ ሆነና ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ እንዳልኖረበት አዋቂዎች ይናገራሉ። ሰው የሚያስበው ወዳጁ ማረፊያ እንዲኖረው ይሻልና፣ ቤት ባይኖረው እንኳ ያሠራለታል።

ራምቦ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1854 ዓ.ም. በሻርልቪል ተወለደ። ገና በአሥራ አምስት ዓመቱ ከእናቱ ቤት ኮበለለ፤ ከዚያ ወዲህ መንገድ አሳደገው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቅኔን ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው ተወ። በ1876 በሆላንድ የቅኝ ግዛት ጦር ተቀጥሮ ጃቫ ደረሰና ከዚያም ጠፋ፤ በቆጵሮስ ሠራ፤ በ1880 ከኤደን ተሻግሮ ሐረር ገባ። በቡናና በቆዳ ነገደ፤ በ1887 ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ይዞ ሸዋ ወጣ። በ1891 ጉልበቱ አብጦ በቃሬዛ እስከ ዘይላ ተሸክመው አወረዱት፤ በማርሴይ ሆስፒታል እግሩ ተቆረጠ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 10 ቀን በ37 ዓመቱ ዐረፈ።

በመጨረሻው ሰዓት ከአልጋው ሥር ያልተለየችው ታናሽ እህቱ ኢዛቤል ነበረች። ወንድሟ ኑዛዜ እንደ ገባና እምነቱ እንደ ተመለሰለት ኦክቶበር 28 ቀን ለእናቷ ጻፈች። ለዚህ ከእርሷ ሌላ ምስክር የለምና ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እኛ ግን በዚህ አንፈርድባትም፤ በሞት አፋፍ ላይ በነፍስና በፈጣሪዋ መካከል የሚሆነውን ማን መርምሮ ይደርስበታል? የሚያስቸግረን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ኢዛቤል ከባሏ ጋር የወንድሟን ደብዳቤዎች ለኅትመት ሲያዘጋጁ፣ ሰውዬው የተከበረና የተሳካለት መስሎ እንዲታይ ቃላቱንም የገንዘቡንም ልክ ለወጡ።

ውድ አንባብያን፤ ይህን የምናነሣው የሩቅ ሰው ገመና ለማውራት አይደለም። በየቁምስናችን ልጅ ወይም ወንድም ከአገር ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ከብዙ ሕዝብ ጋር ኖሮ በሞት ሲመጣ፣ ለቅሶ ላይ የሚነገረው ታሪክ ብዙ ጊዜ የኢዛቤልን መጽሐፍ ይመስላል። ይህ ከፍቅር የመጣ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ስምንተኛው ትእዛዝ የሚከለክለው ስም ማጥፋትን ብቻ ነውን? ሟች መልስ መስጠት አይችልም፤ ያልነበረውን ስናለብሰው የነበረውን እንገፍፈዋለን።

መሸፈንና መለወጥ አንድ አይደሉም። የኖኅ ልጆች የአባታቸውን ዕራቁት ሸፈኑ፤ አልሰከረም ብለው ግን አልመሰከሩም። ካህንም የሰማውን ኑዛዜ ይዞ ይቀበራል፤ ሰውዬው ኃጢአት አልነበረበትም ብሎ ግን አይሰብክም። ደግሞስ እንከን የለሽ ላደረግነው ሰው «ነፍስ ይማር» የምንለው ስለ ምን ነው? ፍትሐት የሚደረገው ምሕረት ለሚያስፈልገው ነው። (ይህን ለሐዘንተኛ ቤተሰብ ፊት ለፊት መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ እኛም አንስተውም፤ ብዙ ጊዜም ዝም ብለናል።)

ለራምቦ ያለን ልብ በተለይ የሚለሰልሰው፣ ደብዳቤዎቹ ሊያስጌጡት ከሞከሩት ክብር ሳይሆን፣ እህቱ ራሷ ሳትደብቅ ከተወችው አንድ ትንሽ ነገር የተነሣ ነው። በሕመሙ ጭንቅ ውስጥ ሆኖ ኢዛቤልን ጃሚ እያለ ይጠራት ነበር። ጃሚ ሐረር የቀረ አገልጋዩ ነው። ለእርሱ 3,000 ፍራንክ እንዲሰጥ ተናዘዘ፤ ገንዘቡ ሲደርስ ጃሚም ሞቶ ነበርና ለወራሾቹ ተላለፈ። ኢዛቤል በስሟ ያልጠራትን ወንድሟን ሳታርም፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ፣ ጃሚ ሲላት አቤት ትል ይሆናል ብለን እናስባለን።