የአንጎል ምርምርና የባልንጀራ ዕዳ

አንድ ወጣት ሐኪም ለዶክትሬት ማዕረግ የሚያበቃውን ጥናት የፓርኪንሰን ሕሙማንን አንጎል በኤሌክትሪክ ኃይል ስለ ማከም ቢያደርግ፣ ይህ የብዙ ዓመት ድካሙ በባሮ ወንዝ ዳር ለሚኖረው ሕዝብ ምን ይጠቅማል? ወባ ሕፃናትን በሚቀጥፍበት በጋምቤላ ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ሰው ከንቱ ጠያቂ አይደለም። ስለዚህ፣ ውድ አንባብያን፣ ነገሩን በጥሞና እንመልከተው።

ሕመሙ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1817 ዓ.ም. ስለ ደዌው ከጻፉት ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው። በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩት ሕዋሳት ቀስ በቀስ ሲሞቱ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይገተራል፣ እርምጃ ያጥራል። ከ1960ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት ይህን ጉድለት ለመሙላት ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ1987 ዓ.ም. ደግሞ በፈረንሳይ አገር በግረኖብል ከተማ ፕሮፌሰር አሊም ሉዊ ቤናቢድ፣ ወደ አንጎል ጥልቅ ክፍል በሚገባ ቀጭን ሽቦ ፈጣን የኤሌክትሪክ ምት በመስጠት መንቀጥቀጥን ጸጥ ማሰኘት እንደሚቻል አሳዩ። ሽቦው ከደረት ቆዳ ሥር ከሚቀበር ባትሪ ጋር ይገናኛል። ሕክምናው የሕመሙን ምልክቶች ያቀልላል እንጂ ሕመሙን ከሥሩ አይነቅልም።

አንዳንዶች «ይህ የባለጸጎች ቅንጦት ነው» ይላሉ። ዳሩ ግን ሕመሙ ባለጸጋና ድኻ አይለይም። ሌሎች ደግሞ «ዛሬ ለጥቂቶች የሆነው ነገ ለሁሉ ይደርሳል» ብለው ይጽናናሉ። ይህም ሙሉ እውነት አይደለም። ሌቮዶፓ ለሕሙማን መሰጠት ከጀመረ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገብም ተጽፏል። ሆኖም ዛሬም በብዙ ድኻ አገሮች እንደ ልብ አይገኝም። ዕውቀት በራሱ እግር ወደ ድኻ ቤት አይሄድም፤ የሚያደርሰው ሰው ይሻል።

የሕክምናው ሥርዓት ራሱ አንድ ትምህርት ይሰጠናል። ለዚህ ቀዶ ሕክምና በአብዛኛው የሚመረጠው ሌቮዶፓ ወስዶ የተሻለው፣ ነገር ግን ከጊዜ በኋላ የመድኃኒቱ ኃይል ይዋዥቅበት የጀመረ ሕመምተኛ ነው። እንግዲያስ ክኒኑ ባልደረሰበት ቦታ ሽቦው ሊቀድም አይገባም። ስለዚህ ተመራማሪው ምርምሩን እንዲተው አንጠይቀውም፤ በዚያው ዕውቀቱ በየጤና ጣቢያው ያሉ ባለሙያዎች ይህን ደዌ ከተራ እርጅና እንዲለዩ ያስተምር፣ ክኒኑም እንዲደርስ ይሟገት ዘንድ ግን እንጠይቀዋለን። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ የባልንጀራ ዕዳ ነው።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከብዳል። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1952 ዓ.ም. ስለ ነርቭ ሥርዓት ለተሰበሰቡ ሊቃውንት ሲናገሩ፣ ሳይንስ ታላቅ ቢሆንም ከሁሉ የላቀ ዋጋ እንዳልሆነ፣ ሐኪሙም ሕመምተኛው ከሰጠው ፈቃድ ያለፈ ሥልጣን እንደሌለው አስተምረዋል። ይሁንና ምንም ያላገኘ ሰው የቀረበለትን ሁሉ «እሺ» ይላል። ይህ እሺታ በእርግጥ ነጻ ፈቃድ ነውን? ጥናቱ ተፈጽሞ ተመራማሪው ማዕረጉን ከተቀበለ በኋላስ ባትሪው ሲደክም ማን ይለውጠዋል? ብዙዎቹ ባትሪዎች ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቀዶ ሕክምና መለወጥ አለባቸው፤ የምቱም መጠን በባለሙያ እየታየ ይስተካከላል። ከጋምቤላ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ደዌው እንደገና ይበረታል። ነገ የሚከታተለው ሳይዘጋጅለት ዛሬ በሰው አንጎል ውስጥ ሽቦ መትከል፣ ሰውን ለጥናት መሣሪያ ማድረግ ነው።

ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በዚሁ ሕመም ተይዘው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን ከሕዝብ አልሸሸጉም። በአዲስ አበባም ወይዘሮ ክብራ ከበደ ራሳቸው ሕመምተኛ ሆነው ሳለ፣ ሌሎች ሕሙማንን የሚረዳ ድርጅት መሥርተዋል። እኛም በየቤታችን ያሉትን «እርግማን ነው፣ የእርጅና ጣጣ ነው» እያልን በጓዳ አንሸሽጋቸው፤ ወደ ሐኪም እንውሰዳቸው፤ መድኃኒት የጀመሩትም ያለ ሐኪም ምክር በድንገት እንዳያቋርጡ እንጠብቃቸው። ሊቁ የሩቁን ሲመረምር፣ እኛ የቅርቡን እንፈጽም።