ሄኖክ የማን ነው? ስለ ሞርሞን መጻሕፍት አመጣጥና ስለ ጥንታውያን ጽሑፎች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በአፍንጮ በር ሠፈር ከሚኖሩ ቤተሰቦች ጋር በምናደርገው የማታ ትምህርት ላይ በአንድ ምሽት ሁለት ጥያቄዎች ቀረቡልን። የመጀመሪያውን ያቀረበልን አንድ ተማሪ ወጣት ነው። በእጁ በአማርኛ የታተመ «መጽሐፈ ሞርሞን» ይዞ ነበር። «አባ፥ መጽሐፈ ሄኖክን ጠብቃ ለዓለም ያቆየችው ሀገራችን ናት። የእነዚህም ሰዎች ነቢይ ስለ ሄኖክ ጽፏል ይባላል። እንግዲያው የእኛ ግእዝ ለእነርሱ መጽሐፍ ምስክር አልሆነምን?» አለን። ሁለተኛውን የጠየቁን አንዲት እናት ናቸው። ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቀው ቀረብ አሉንና፥ «አባታችን፥ ልጄ ወደ እነርሱ ከሄደ ስድስት ወር ሆነው። አብሬው ማዕድ ልቁረስ ወይስ በሬን ልዝጋበት?» አሉን።

የወጣቱ ጥያቄ ስለ እውነት ነው፤ የእናቲቱ ስለ ፍቅር ነው። ሁለቱን ለየብቻ መመለስ ስለማይቻል በዚህ ጽሑፍ አንድ ላይ ልንመለከታቸው ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ባልንጀሮቻችን የሚሉትን በቅንነት እናስቀምጥ። ያላመኑበትን በአፋቸው ማኖር ሐሰተኛ ምስክርነት ይሆንብናልና። ጆሴፍ ስሚዝ በ1805 በአሜሪካ በቨርሞንት ተወለደ። በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በፓልማይራ አጠገብ ሲኖር፥ በ1823 ሞሮኒ የሚባል መልአክ ተገልጦ በኮረብታ ሥር የተቀበሩ የወርቅ ሰሌዳዎች መኖራቸውን እንደነገረው፥ በ1827ም እንደተረከባቸው ተናገረ። በሰሌዳዎቹ ላይ «የተሻሻለ የግብፅ ፊደል» በሚባል ጽሕፈት የተጻፈ ታሪክ አለ አለ። ታሪኩ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ600 ዓመት ገደማ ከኢየሩሳሌም ወጥቶ ወደ አሜሪካ ስለ ተሻገረ ቤተሰብና ስለ ዘሮቹ የሚተርክ ነው። ስሚዝ እየተናገረ ጸሐፊዎች ጻፉት፤ በመጋቢት 1830 በፓልማይራ ታተመ። በሚያዝያ 6 ቀን በዚያው ዓመት ቤተ ክርስቲያናቸው ተመሠረተች። ሰሌዳዎቹን አየን ብለው ስማቸውን ያኖሩ አንድ ጊዜ ሦስት፥ ሌላ ጊዜ ስምንት ሰዎች ነበሩ። ሰሌዳዎቹን ግን መልአኩ መልሶ ወሰዳቸው ይላሉ።

ከዚህ መጽሐፍ በኋላ ሌሎች ተከተሉ። ወጣቱ የጠየቀን ስለ ሄኖክ የሚናገረው ክፍል የሚገኘው በመጽሐፈ ሞርሞን ውስጥ ሳይሆን «መጽሐፈ ሙሴ» በሚሉት ነው። ይህንንም ስሚዝ በ1830 መጨረሻ ገደማ ኦሪት ዘፍጥረትን በእንግሊዝኛ እየከለሰ ሳለ በመገለጥ ተሰጠኝ አለ። እዚህ ላይ ከጥንታዊ ብራና ገለበጥሁ አላለም፤ ልናመሳክረው የምንችለው ምንጭ የለውም ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ እኛው ሄኖክ እንመለስ። ኦሪት ስለ ሄኖክ የምትናገረው በጥቂት ቃላት ነው፤ ከእግዚአብሔር ጋር እንደ ሄደና እግዚአብሔር እንደ ወሰደው ትነግረናለች (ዘፍ. 5፥21-24)። በስሙ የሚጠራው መጽሐፍ ግን 108 ምዕራፎች ያሉት ሲሆን ስለ ወደቁት መላእክት፥ ስለ ፍርድ፥ ስለ ሰው ልጅ፥ ስለ ሰማይ ብርሃናት ጉዞ ይናገራል። ሐዋርያው ይሁዳ ስለ ጌታ መምጣት የጻፈው ቃል (ይሁዳ 14-15) ከዚህ መጽሐፍ መጀመሪያ ጋር አንድ ነው። በአውሮፓ መጽሐፉ ለብዙ ዘመን ጠፍቶ ኖሯል። በሀገራችን ግን ከግሪክ ወደ ግእዝ ተተርጉሞ በገዳማትና በአድባራት ሲጻፍና ሲነበብ ኖረ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገባ፤ በ1773 ወደ አውሮፓ ሲመለስ የሄኖክን ሦስት የግእዝ ቅጂዎች ይዞ ሄደ። ሪቻርድ ሎረንስም በ1821 በኦክስፎርድ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ አሳተመው።

አንዳንድ ተጠራጣሪዎች፥ «ግእዙ ብቻውን ቢቀር ምን ዋስትና አለን?» ይሉ ነበር። በ1886 ክረምት ገደማ በግብፅ በአክሚም ከአንድ መቃብር የግሪኩ ክፍል ተገኘ። በ1952 ደግሞ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን በአራተኛው ዋሻ ከ11 የተለያዩ ቅጂዎች የተረፉ የአራማይክ ቁርጥራጮች ተገኙ፤ ዩሴፍ ሚሊክ የተባለው ፖላንዳዊ ሊቅ በ1976 አሳተማቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት የተጻፉ ቁርጥራጮችም አሉባቸው። ስማቸው እንኳ ያልታወቀ ደብተሮቻችን በመቅረዝ ብርሃን ሲገለብጡት የኖሩት ጽሑፍ ከሺህ ዓመታት በፊት ከተጻፈው ጋር በብዙው ተስማምቶ ተገኘ። ሁሉም አልተገኘም፤ ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው ክፍል በቁምራን አልታየም። ይህንንም ሊቃውንቱ አልደበቁም።

እነሆ፥ ወጣቱ ልጃችን ያቀረበው ጥያቄ መልስ ከዚህ ይጀምራል። የስሚዝን ሄኖክ ከእኛ ሄኖክ ጋር ብናስተያየው በስም ይገናኛሉ፤ በታሪክ ግን ይለያያሉ። የግእዙ ሄኖክ ስለ ትጉሃን መላእክት ውድቀት የተናገረው ዋና ነገር በስሚዝ ዘንድ የለም። በስሚዝ ዘንድ ዋና የሆነው፥ ሄኖክ ጽዮን የተባለች ከተማ መሥርቶ ከነሕዝቧ ወደ ሰማይ መወሰዷ፥ በግእዙ የለም። ሂዩ ኒብሊ የተባለው የእነርሱ ሊቅ በ1970ዎቹ አንዳንድ ተመሳሳይነቶችን ሰብስቦ እንደ ማስረጃ አቅርቧል። ሌሎች ደግሞ የሎረንስ ትርጉም ከ1821 ጀምሮ ታትሞ እንደነበረ ያስታውሳሉ። ስሚዝ አንብቦታል የሚል የተረጋገጠ ሰነድ ግን ስለሌለ እኛም ሰርቋል ብለን አንከሰውም። የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ ግእዙ ለራሱ ይመሰክራል እንጂ ለሌላ መጽሐፍ አይመሰክርም። የአንድ ሰው ስም በሁለት ጽሑፎች ቢገኝ ሁለቱ አንድ ምንጭ አላቸው አያሰኝም።

ልናመሳክረው የምንችለው ሌላ ጉዳይ ግን አለ። በ1835 ስሚዝና ወዳጆቹ በኦሃዮ ከአንድ ተጓዥ ነጋዴ አራት የግብፅ ሙሚያዎችንና የፓፒሩስ ጥቅሎችን ገዙ። ስሚዝ ከጥቅሎቹ አንዱ የአብርሃም ጽሑፍ ነው አለ፤ ትርጉሙም በ1842 «መጽሐፈ አብርሃም» ተብሎ ታተመ። ፓፒሩሱ በ1871 በቺካጎ ቃጠሎ ጠፋ ሲባል ኖሮ፥ ዐዚዝ ዐጢያ የተባሉ ግብፃዊ የቅብጥ ክርስቲያን ሊቅ በ1966 በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ቁርጥራጮቹን አገኙ። በ1967ም ለሞርሞኖች ቤተ ክርስቲያን ተመለሱላት። የግብፅን ጽሕፈት የሚያውቁ ሊቃውንት ሲያነቡት ሖር ለሚባል የጣዖት ካህን የተጻፈ የቀብር ጽሑፍ ሆኖ ተገኘ። የተጻፈው ከአብርሃም ዘመን ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ የአብርሃምም ስም የለበትም። ራሷ ቤተ ክርስቲያናቸው በ2014 ባወጣችው ጽሑፍ የቁርጥራጮቹ ፊደላት ከመጽሐፈ አብርሃም ቃል ጋር እንደማይገጥሙ አምናለች። የጠፋ ክፍል ነበረ፥ ወይም ፓፒሩሱ ለመገለጥ ምክንያት ብቻ ሆነ የሚሉ አሉ። ይህ የእነርሱ መልስ ነው፤ ይሁን እንጂ አንባቢ ከዓይኑ ካለው ይጀምራል።

ስለ መጽሐፈ ሞርሞንም ነገሩ ይህን ይመስላል። ሰሌዳዎቹን ማንም ሊመረምራቸው አይችልም። ከትንቢተ ኢሳይያስ የተወሰዱት ረጃጅም ምዕራፎች በ1611 በታተመው በእንግሊዞች መጽሐፍ ቅዱስ አነጋገር የተጻፉ ናቸው። የሚተርክላቸው ታላላቅ ሕዝቦችና ከተሞች በአሜሪካ ምድር በቁፋሮ ጥናት አልተረጋገጡም።

እዚህ ላይ ግን ክቡራን ሆይ፥ እንዳንታበይ እንጠንቀቅ። አንድ መጽሐፍ ጥንታዊ ስለሆነ ብቻ የእግዚአብሔር ቃል አይሆንም። መጽሐፈ ሄኖክ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ይቆጠራል፤ በእኛ በካቶሊካውያን ዘንድ ግን የትሬንት ጉባኤ በ1546 ከወሰናቸው 73 መጻሕፍት ውስጥ የለም። ቅዱስ አጎስጢኖስ ሐዋርያው ይሁዳ ስለጠቀሰው ሄኖክ መለኮታዊ ነገር መጻፉን ሳይክድ፥ መጽሐፉ ከቅዱሳት መጻሕፍት ቍጥር አለመግባቱን አስተምሯል። ስለዚህ ሄኖክን በአክብሮት እናነባለን፤ እምነታችንን ግን በእርሱ ላይ አንመሠርትም። ለራሳችን ሀገር መጽሐፍ ይህን መመዘኛ ካደረግን፥ ትናንት ለመጣ መጽሐፍ ከዚህ ያነሰ መመዘኛ ልናደርግ አይገባንም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳንናገር ማለፍ አንችልም። በዚያው ስለ ሄኖክ በሚናገረው በስሚዝ ጽሑፍ ውስጥ የቃየል ዘር ጥቁር እንደነበረና ከሌሎች ጋር ስፍራ እንዳልነበረው ተጽፏል። ጥቁሮች ወንዶች እስከ ሰኔ 1978 ድረስ ከክህነታቸው ተከልክለው ኖረዋል። ቤተ ክርስቲያናቸው በ2013 ለዚህ ክልከላ ይሰጡ የነበሩትን ምክንያቶች አልቀበልም ብላለች፤ ይህን በደስታ እንመዘግበዋለን። ነገር ግን የሄኖክን መጽሐፍ ለዓለም ያተረፉት እጆች ጥቁር እጆች እንደነበሩ ልጆቻችን ይወቁ። በጽሑፉ ውስጥ የተቀመጠው ያ ቃል የሰው ዘመን ነገር እንጂ የእግዚአብሔር ነገር እንዳልሆነ ለመረዳት ሌላ ሊቅ አያስፈልጋቸውም።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው ይህ ነው። እግዚአብሔር ቀድሞ በነቢያት ተናገረ፤ በመጨረሻ በልጁ ተናገረን (ዕብ. 1፥1-2)። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እንዳረጋገጠው ጌታችን በክብር እስኪገለጥ ድረስ ሌላ አዲስ ይፋዊ መገለጥ አንጠብቅም። ስለ አብ፥ ስለ ወልድና ስለ መንፈስ ቅዱስ የሚሉትም ከእኛ የተለየ ነው፤ ሦስት የተለያዩ አካላት በዓላማ አንድ ናቸው ይላሉ እንጂ በባሕርይ አንድ አምላክ ናቸው አይሉም። ስለዚህም የእምነት ትምህርት ጉባኤ በሰኔ 2001 ጥምቀታቸው እንደማይጸና ወስኗል። መምህራን ይህን ልብ በሉ፤ ከእነርሱ ወገን ተወልዶ ወደ እኛ የሚመጣ ይጠመቃል፤ በእኛ ተጠምቆ ወደ እነርሱ ሄዶ የሚመለስ ግን በንስሐ ይቀበላል እንጂ ዳግመኛ አይጠመቅም። ለሙታን ጥምቀት ስለሚያደርጉም፥ በ2008 ከቫቲካን በወጣው መመሪያ መሠረት የቁምስና መዝገቦቻችን ለዘር ሐረግ ማኅበራቸው ተላልፈው አይሰጡም።

እንግዲህ ወደ እናቲቱ ጥያቄ ደረስን። ለእርሳቸው የነገርናቸውን ለእናንተም እንነግራችኋለን። በ1977 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ድርቅ ሀገራችንን ባጠቃ ጊዜ፥ የሞርሞኖች ምእመናን በጥር 27 ቀን 1985 ጾመው የምግባቸውን ዋጋ ሰጡ። ከስድስት ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ፤ በቀይ መስቀልና በራሳችን በካቶሊክ የዕርዳታ ድርጅት በኩልም ለተራቡት ደረሰ። የተሳሳተ ትምህርት ያለው ሰው እውነተኛ ምሕረት ማድረግ እንደሚችል ጌታ በደጉ ሳምራዊ አስተምሮናል። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም በመጋቢት 2019 መሪያቸውን ራስል ኔልሰንን በቫቲካን ተቀብለው አነጋግረዋል። የተቀበሏቸው በሰውነታቸው ነው፤ ትምህርቱ ግን እንደተለየ ነው።

ስለዚህ እናቲቱን፥ «እማማ፥ በርዎን አይዝጉ፤ ማዕዱንም ያቅርቡለት። ከመብላታችሁ በፊት ግን እንደ ልማድዎ በስመ አብ ብለው ያማትቡ፤ ስለ ልጅዎ ብለው እምነትዎን አያሳንሱ፤ ስለ እምነትዎም ብለው ልጅዎን አይጣሉ» አልናቸው። እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው፥ «እርሱ ግን በጾም ቀን ነው የሚመጣው» አሉን። «እንግዲያውስ ሽሮ ይሥሩለት» አልናቸው። ሳቅ አሉ፤ እኛም ሳቅን።

መምህራን ሆይ፥ ወጣቱን «ያን መጽሐፍ ጣለው» አንበለው። ጥያቄው እውነትን ከመሻት የመጣ እንደሆነ የሚጠቅመው ምርመራ ነው። ከአፍንጮ በር ብዙም በማይርቀው ስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የተከማቹ የግእዝ ብራናዎች አሉ፤ ልጆቻችንን ወስደን የአባቶቻቸውን ጽሕፈት እናሳያቸው። ብራና ማለት ሰው ያየው፥ የዳሰሰው፥ ሌላውም መጥቶ ሊያነበው የሚችል ነገር መሆኑን ይረዳሉ። ወንጌላዊው ሉቃስም ነገሩን ሁሉ ከመጀመሪያው በጥንቃቄ መርምሮ እንደጻፈ ለቴዎፍሎስ ነግሮታል (ሉቃ. 1፥1-4)። እምነታችን ምርመራን የማይፈራ እምነት ነው።

ለዚህ ታላቅ ምሳሌ አለን። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ከገዳም ገዳም መጻሕፍትን እየመረመሩ ስለ ክርስቶስ እውነቱን ሲፈልጉ ብዙ ዘመን ኖሩ። በ1841 ከቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጋር ወደ ሮም ሄዱ፤ በ1844 ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገቡ። በ1855ም ስለ ሃይማኖታቸው በእስር ሳሉ ዐረፉ። መጽሐፍ መመርመራቸው ወደ ክርስቶስ መራቸው፤ ክርስቶስን ማግኘታቸውም ያሳደዷቸውን እንዲጠሉ አላደረጋቸውም። የእኛም መንገድ ይህ ይሁን።

እግዚአብሔር አምላካችን ለወጣቶቻችን የማስተዋል ልብ፥ ለእናቶቻችን የትዕግሥት ልብ፥ ለተለዩን ልጆቻችን የመመለሻ መንገድ ይስጥልን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነትና የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ጸሎት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።