ከፍለው የወሰዱት ጉልበት የማን ነው?

ዶጅ በ2015 ሞዴሉ ቻሌንጀር ኤስአርቲ ሄልካትን ሲያወጣ ለገዢው ሁለት ዓይነት ቁልፍ ያስረክብ ነበር፤ አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ቀይ። መኪናው በቀዩ ሲነሣ ሱፐርቻርጀር የተገጠመለት ባለ 6.2 ሊትር ሄሚ ሞተር 707 የፈረስ ጉልበቱን ሳይሰስት ይሰጣል። በጥቁሩ ሲነሣ ግን ኮምፒዩተሩ ጉልበቱን 500 ላይ ይገታዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መኪናን ሁልጊዜ ባለቤቱ ብቻ አይነዳውም፤ ልጅ ይዋሰዋል፣ ጓደኛ ይሞክረዋል። ይሁንና ሁለቱ ቁልፎች ከመኪና ገበያ የሰፋ ጥያቄ ያስነሣሉ። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የወሰደው፣ ነገር ግን ሊያዝዘው የማይችለው ጉልበት በእውነት የእሱ ነው? የእኔ መልስ አይደለም የሚል ነው። በውል የሚተላለፈው ሞተሩ ነው፤ በሞተሩ ላይ የሚኖረው ሥልጣን ግን በልምምድ ብቻ የሚገኝ በመሆኑ ማንም ሊሸጠው አይችልም። የፎርድ ሙስታንግን፣ የሸቭሮሌት ካማሮንና የዶጅ ቻሌንጀርን እያወዳደረ የትኛውን ደረጃ ልግዛ የሚል ሰው ይህን ልዩነት አስቀድሞ ቢያስብበት ምርጫው ይለወጣል ብዬ አምናለሁ።

ገዢው ፊት የሚቀርበው ምርጫ እንዲህ ያለ ነው። በ2016 ሞዴል የመጣው ስድስተኛው ትውልድ ካማሮ በ2.0 ሊትር ቱርቦ 275፣ በቪ6 335፣ በኤስኤስ ደረጃ በ6.2 ሊትር ቪ8 455 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ከሁሉም በላይ የተቀመጠው ዜድኤል1 650 ይደርሳል። ሙስታንግ ከ2018 ሞዴል ወዲህ በኢኮቡስት 310፣ በጂቲ 460 ሆነ፤ በ2020 የመጣው ሼልቢ ጂቲ500 ደግሞ 760። በ2024 በጀመረው አዲሱ ትውልድ ጂቲ 480፣ ዳርክ ሆርስ 500 አላቸው። ቻሌንጀር ከ300 ጥቂት ከፍ ከሚለው ቪ6 ተነሥቶ በአርቲ 375፣ በስካት ፓክ 485 ካለ በኋላ በኋላ 717 ወደሆነው ሄልካትና 797 ወዳለው ሬድአይ ያልፋል። የመጨረሻው፣ ዴመን 170 የተባለው፣ ኤታኖል የበዛበት ነዳጅ ሲቀዳለት 1,025 ይደርሳል። የቻሌንጀር ምርት በ2023 መጨረሻ፣ የካማሮም በዚያው ገደማ ስለቆመ ሁለቱን የሚፈልግ ሰው ዛሬ የሚሄደው ወደ ያገለገለ መኪና ገበያ ነው። በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ትኩረት የሚሻው የእያንዳንዱ ደረጃ አቀማመጥ ነው። የአካሉ ቅርጽ በመሠረቱ አንድ ነው፤ የሚለየው ከኮፈኑ ሥር ያለውና በጎን የተለጠፈው ስም ነው። ስለዚህ 485 ያለው ሰው መኪናውን በተመለከተ ቁጥር 717 ያለውን ያስታውሳል፣ 717 ያለውም 797ን። ፍላጎቱ በመኪናው ሥራ ሳይሆን በጎረቤቱ ቁጥር ስለሚለካ ይበቃኛል የሚልበትን ቦታ በራሱ አያገኝም።

ቁጥሩ ራሱ ምን እንደሚለካ ማወቅም ይጠቅማል። የ1971 ሸቭሮሌት ኮርቬት መነሻ ሞተር 270 የፈረስ ጉልበት አለው ተብሎ ተሸጠ፤ በ1972 ያው ሞተር 200 ተባለ። ሞተሩን ያደከመው ነገር አልነበረም። የተለወጠው የአለካክ ደንቡ ነው፤ ቀድሞ ሞተሩ ጉልበት የሚሻሙበት ዕቃዎችና የጭስ ማውጫው ሳይገጠሙለት ይለካ የነበረው፣ ከዚያ በኋላ መኪናው ውስጥ እንዳለ ሆኖ መለካት ጀመረ። ከዚህ የሚከብደው ማስረጃ ግን የየዕለቱ መንገድ ነው። እንዲህ ያለ መኪና በሜዳ መንገድ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ሲጓዝ ከሞተሩ የሚጠይቀው ከ30 የፈረስ ጉልበት ብዙም አይርቅም። እርግጥ ነው፣ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር አየሩን ሰንጥቆ ለማለፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ነገር ግን በመላው አሜሪካ ከፍተኛው ሕጋዊ ፍጥነት፣ በቴክሳስ ኦስቲን አጠገብ በሚያልፈው 130 ቁጥር መንገድ ላይ የተፈቀደው፣ በሰዓት 85 ማይል ነው፤ 137 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። እዚያ እንኳ ሄልካት ካለው ጉልበት የሚያወጣው ጥቂቱን ነው። ባለቤቱ ከፍሎ ከወሰደው ውስጥ እጅግ የሚበዛው በሕይወቱ ሙሉ ተኝቶ ይኖራል።

ታዲያ የተኛ ጉልበት የለም ማለት ነው? በጥንቱ ግሪክ የሜጋራ ፈላስፎች እንዲህ ሲሉ ተከራክረዋል፤ አንድ ነገር ችሎታ አለው የሚባለው ችሎታውን በሥራ ላይ ሲያውል ብቻ ነው። አሪስቶትል በሜታፊዚክስ መጽሐፉ ዘጠነኛ ክፍል መለሰላቸው። እንደ እናንተ ከሆነ፣ አለ፣ ግንበኛ መገንባት ባቆመ ቁጥር ሙያውን ያጣል፣ መልሶ ሲጀምር ደግሞ ከየት መጣ ሳይባል ያገኘዋል፤ ይህ የማይመስል ነገር ነው። ክርክሩ የጠና ነውና ለትላልቅ ሞተሮች ወዳጆች ጥሩ መከላከያ ይሆናል። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሄልካት ሄልካት መሆኑን አላቆመም፤ ጉልበቱ አለ፣ በተጠራ ጊዜ ይመጣል። ይህን እቀበላለሁ። አሪስቶትል ራሱ ግን ከዚህ አንድ እርምጃ ያስኬደናል። የግንበኛው ችሎታ የሚኖረው በመዶሻው ወይም በድንጋዩ ውስጥ አይደለም፤ በግንበኛው ውስጥ ነው። እዚያ የገባውም በስነ ምግባር መጽሐፉ እንዳስተማረው በመገንባት ብዛት ነው። በገና የገዛ ሰው በዚያው ቀን ደርዳሪ አይሆንም፤ በገናው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሙሉ በገና ነው። ከመኪናው ጋርም የሆነው ይኸው ነው። ጉልበቱ በሞተሩ ውስጥ እንዳለ ማንም አይክድም፤ የምጠይቀው በሰውዬው ውስጥ ምን እንዳለ ነው።

ሠሪዎቹ ራሳቸው ይህን የሚያውቁ መሆናቸውን ሁለት ነገሮች ያሳያሉ። አንደኛው ትምህርት ቤቱ ነው። ዶጅ ኤስአርቲ ለገዛ ሰው በአሪዞና በሚገኘው በቦንዱራንት የመንዳት ትምህርት ቤት የአንድ ቀን ሥልጠና ይሰጥ ነበር፤ ፎርድም ለሼልቢ ጂቲ350 ገዢዎች በዩታ ተመሳሳይ ቀን አዘጋጅቶ ነበር። የተሸጠው ነገር ከቁልፉ ጋር የተሟላ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባላስፈለገ። ሁለተኛው፣ ለእኔ ይበልጥ የሚያሳምነው፣ ለካማሮ ኤስኤስ ይቀርብ የነበረው 1ኤልኢ የተባለው ተጨማሪ ዕቃ ነው። ይህን የጨመረ ሰው አንዲት የፈረስ ጉልበት አያገኝም፤ ሞተሩ ያው 455 ነው። የሚያገኘው በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዝ ዲፈረንሻል፣ እንደ መንገዱ ሁኔታ የሚጠነክርና የሚላላ አሞርዛተር፣ ከፊት ባለ ስድስት ፒስተን የብሬምቦ ፍሬን፣ አስፋልት የሚነክስ ጎማና ዘይቱን የሚያበርድ ተጨማሪ ራዲያተር ነው። ሁሉም አሽከርካሪው ያለውን ጉልበት ደጋግሞ እንዲጠቀምበትና ስሕተቱን እንዲሰማው የሚረዱ ናቸው። ደጋግሞ መታጠፊያ የሚገባ፣ ፍሬኑ ሳይግል የሚቆም መኪና መምህር ነው። ቀጥ ባለ መንገድ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ወደሚያስደነግጥ ፍጥነት አድርሶ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ነገር የሌለው መኪና ግን ከድንጋጤው በቀር የሚያስተምረው እምብዛም የለም። የሙስታንግ ጂቲ የፐርፎርማንስ ፓኬጅም በመንፈሱ ለዚህ ቅርብ ነው፤ ትልልቅ ፍሬን፣ ቶርሰን ዲፈረንሻል፣ የተሻለ ማቀዝቀዣ።

ለዚህ የሚቀርብ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ጉልበትን ይዞ አለመጠቀም ራሱ የጨዋ ሰው ምልክት ነው፤ ምንም የሌለው ሰው ራሱን ገታ አይባልም፤ ስለዚህ ቀዩን ቁልፍ ኪሱ አስቀምጦ በጥቁሩ የሚሄድ ሰው ከሁሉም የተሻለ የሞራል ሰው ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የተፈቀደው ሁሉ እንደማይጠቅም ሲያስተምር ይህን ማለቱ አይደለምን? ክርክሩ ያምራል፤ የሚፈተነው ግን በነገሩ ዝርዝር ነው። ጥቁሩ ቁልፍ የሚፈቅደው 500 የፈረስ ጉልበት ስካት ፓክ ሙሉ በሙሉ ከሚሰጠው 485 ይበልጣል፤ በዚያው በ2015 ከተሸጠው ሙስታንግ ጂቲ 435ም ይበልጣል። ትዕግሥት ተብሎ የተቀመጠው መጠን ለሌላው የመጨረሻው ወሰን ከሆነው በላይ ነው ማለት ነው። ደግሞም ራስን መግታት ጾም የሚጾም ሁሉ እንደሚያውቀው በየዕለቱ የሚለመድ ነገር ነው፤ ቀዩን ቁልፍ በያዘ ጊዜ ባለቤቱን የሚገታው ከራሱ ልማድ በቀር ማንም የለም። ያ ልማድ በአብዛኛው አለመኖሩን መንገዱ ይመሰክራል። በአሜሪካ የመድን ኩባንያዎች የሚደግፉት የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም በ2023 ስለ 2020 ሞዴሎች ባወጣው ዘገባ፣ የአሽከርካሪዎች ሞት ከበዛባቸው መካከል የካማሮ፣ የቻሌንጀር፣ የሌላው ዶጅ የቻርጀርና የሙስታንግ ዓይነቶች ነበሩበት። በዝርዝሩ የሚጎራበቷቸው ብዙዎቹ ትናንሽ መኪኖች ናቸው፤ እነሱ ቀላል ስለሆኑ በግጭት ጊዜ የሚጎዱበት ምክንያት ይገባል። ሄልካት ግን 2,000 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ነው፤ ክብደቱ ሊከልል ይገባው ነበር። መኪናው በመጥፎ መሠራቱን ይህ አያሳይም። የሚያሳየው በሞተሩ ጉልበትና በአሽከርካሪው ልምድ መካከል ያለውን ክፍተት ነው። እርግጥ ፈጣን መኪና የሚገዙት ቀድሞውንም የሚደፍሩ ሰዎች ናቸው ሊባል ይችላል፤ ቢሆንም ድፍረት ባለበት ልምድ ካልተከተለ ውጤቱ አይለወጥም።

ከሌላው ወገን የሚመጣ ተቃውሞም አለ፤ ይህኛው ሃይማኖታዊ ነው። ሁሉም ከንቱ ነው ይላል፤ 30 የፈረስ ጉልበት ለሚበቃው መንገድ ቪ8 መግዛት በ485ም ሆነ በ707 ያው ትዕቢት ነው፤ ለድሃ የሚሰጥ ገንዘብ ወደ ጭስ ማውጫ ሄደ። የምጽዋቱን ጥያቄ ማንም ሊሸሽ አይገባውም፤ የአንድ ደረጃ የዋጋ ልዩነት የአንድ ቤተሰብ የዓመት ኑሮ ሊሆን ይችላል። ግን ውበትን ሁሉ ከንቱ የሚያደርገው አስተሳሰብ ከመጽሐፉም ጋር አይስማማም። ኦሪት ዘጸአት ባስልኤል ወርቁን፣ ናሱንና እንጨቱን ይሠራ ዘንድ በእግዚአብሔር መንፈስ እንደተሞላ ይነግረናል፤ የእጅ ጥበብ የመንፈስ ሥጦታ ሆኖ ተቆጥሯል። መክብብም ከንቱነትን ደጋግሞ ያወጀውን ያህል በድካም ፍሬ ደስ መሰኘትን የአምላክ ሥጦታ ይለዋል። የሼልቢ ጂቲ350 ሞተር ወደ 8,250 ዙር ሲወጣ የሚያሰማው ድምፅ፣ ፍሪሲዮንና ማርሽ ከእግርና ከእጅ ጋር ሲግባቡ የሚገኘው ደስታ፣ የሰው አእምሮ ብረትን በእሳትና በሒሳብ ያስተካከለበት ሥራ ነው፤ ይህን መውደድ ኃጢአት አይመስለኝም። የምቃወመው ደስታ ሥራን ሳይሆን ቁጥርን ሲከተል ነው፤ ምክንያቱም ቁጥር አይነዳም፣ አይሰማም፣ አይለመድም፤ ይወራል እንጂ።

ለሁሉም መካከለኛውን ደረጃ እየመከርኩ ነው ወይ? አይደለም። አሪስቶትል መካከለኛው የሒሳብ ግማሽ አለመሆኑን ሲያስረዳ ታጋዩን ሚሎን ያነሣል፤ ለእሱ የሚያንሰው ምግብ ለጀማሪ ታጋይ ይበዛል። እንዲሁ ቪ6 ገዝቶ በየመብራቱ አጠገቡ የቆመውን እያየ የሚቃጠል ሰው ልከኛ አይደለም፤ ምኞቱ በገንዘብ እጥረት ተገታ እንጂ። በሌላ በኩል የዴመን 170 ቀዳሚ የሆነው የ2018ቱ ዴመን ለተሠራለት ቦታ፣ ለድራግ ውድድር መስመር፣ ትክክለኛ መሣሪያ ነው። ከፋብሪካ የሚወጣው በአንድ የሹፌር ወንበር ብቻ ነበር፤ ጎን ወንበር የፈለገ ሰው አንድ ዶላር ጨምሮ ያስገጥማል። ክብደት ለመቀነስ የተደረገ ቢሆንም መኪናው ለማንና ለምን እንደታሰበ በግልጽ ይናገራል፤ ቅዳሜና እሑድ እዚያ መስመር ላይ ለሚውል፣ ጎማውን እያሞቀ በመቶኛ ሰከንድ ለሚታገል ሰው የተሠራ ነው። ያ ሰው ጉልበቱን ስለሚሠራበት የእሱ ነው ብዬ እቀበላለሁ። ከቤተሰቡ ጋር የሚጓዝ ደግሞ ከሦስቱ የኋላ ወንበሩ ሰው በእውነት የሚያስቀምጠውን ቻሌንጀርን፣ ከዚያም ውስጥ ስካት ፓክን ቢመለከት አይከፋም። መንዳትን ሊማር የሚፈልግ ግን 1ኤልኢ ያለበትን ያገለገለ ካማሮ ኤስኤስ ወይም ማንዋል ሙስታንግ ጂቲ ከፐርፎርማንስ ፓኬጁ ጋር ይውሰድ፤ ሁለቱም ወደ 1,700 ኪሎ ገደማ በመሆናቸው ስሕተትን ከቻሌንጀር ይልቅ በቶሎ ይናገራሉ። ወደ ዜድኤል1 ወይም ወደ ጂቲ500 ሊሄድ የነበረው ትርፍ ገንዘብ ለጎማ፣ ለፍሬን ሸራና በተዘጋ የውድድር ሜዳ ላይ ለሚውሉ ቀናት ይሁን። ከዚያ ሁሉ በኋላ 455ን ጨርሶ ተምሮ ሌላ የሚፈልግ ሰው ቢመጣ፣ ሻጩን አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ፈረስ ጉልበት አይሆንም፤ ጎንበስ ብሎ የፍሬን ሸራውን ውፍረት ያያል፣ የጎማው ጎን ላይ በአራት አኃዝ የታተመውን የምርት ሳምንትና ዓመት ያነባል።