እንገርና መግቦተ እግዚአብሔር

ሰው ገና ከማኅፀን ሳይወጣ ምግቡ ቀድሞት የሚሰናዳለት መሆኑ፣ ስለ መግቦተ እግዚአብሔር የሚመራመር ሁሉ አስቀድሞ ሊያጤነው የሚገባ ምስክር ነው፤ የእናት ጡት ከእርግዝናው አጋማሽ ጀምሮ የመጀመሪያውን ወተት ማዘጋጀት ይጀምራልና። እኛ ግን በብዙው የአገራችን ክፍል ይህን ቢጫና ወፍራም እንገር «ቆሻሻ ነው፤ የሕፃኑን ሆድ ያውካል» በማለት እያለብን ስንደፋ፣ በምትኩም ቅቤ ስናስውጥና ስኳር በጥብጠን ስናጠጣ ኖረናል። ይህን ያደረግነው ለሕፃኑ በመሳሳት እንጂ በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም ፈጣሪ ያሰናዳውን ማዕድ ርኩስ ነው ብሎ ለመፍረድ ሰው ሥልጣኑን ከወዴት አገኘው?

አሳቡ ከሥርዓተ አራስ ጋራ ተቀላቅሎ ያደገ ይመስለኛል። ኦሪት ዘሌዋውያን በ12ኛው ምዕራፍ፣ ወንድ የወለደች 40 ቀን፣ ሴት የወለደች 80 ቀን ከመቅደስ እንድትቆይ ይደነግጋል፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ይህንኑ ቍጥር ጠብቃ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ታጠምቃለች። ድንጋጌው ግን ወደ መቅደስ ስለ መግባት እንጂ ስለ ወተት አንዳች አይናገርም። አምላክ ሥጋን ተዋሕዶ ከድንግል ጡት ወተት ጠባ ብሎ የሚያምን፣ እመቤታችን ልጇን ስታጠባ የሚያሳየውን ሥዕል የሚሳለም፣ በሉቃስ ወንጌል በ11ኛው ምዕራፍ ከሕዝቡ መካከል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጌታን ያጠቡትን ጡቶች ያመሰገነችውን የዚያችን ሴት ነገር በቅዳሴ ሲነበብ የሰማ ምእመን፣ ከገዛ ሚስቱ ጡት የወጣውን የመጀመሪያ ጠብታ እንዴት አድርጎ ርኩስ ይለዋል?

ገበሬው እንኳ ላሙ በወለደች ጊዜ ጥጃው እንገሩን ሳይጠባ እንዳይቀር ይጠነቀቃል፤ ለጥጃው ያልነፈገውን ለልጁ መንፈጉ እጅግ ያሳዝነኛል። እንገር ጥቂት የሆነው ለትንሽ ሆድ ስለ ተመጠነ ነው፤ ሕፃኑን ከደዌ የሚከላከል ኀይል ተከማችቶበታል፤ ጥቁሩን የመጀመሪያ ዓይነ ምድርም ጠርጎ ያወጣል። ብዙው ወተት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከወሊድ በኋላ በ3ኛው ቀን ገደማ ስለ ሆነ፣ እስከዚያ «ወተቴ ደርቋል» ብላ የምትጨነቅ እናት ያለ ምክንያት ትጨነቃለች። በቆላው ሐሩር «ልጄን ውሃ ይጠማዋል» የምትለውም፣ የጡት ወተት ከ100 እጅ 87ቱ ያህል ውሃ መሆኑን የነገራት ሰው የለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው የጾም ነገር ነው። የምታጠባ እናት 55ቱን ቀን የዐቢይ ጾም እንደ ሌላው ሰው ስትጾም፣ ጎረቤት «ወተትዋ ባዶ ሆነ» ይላል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። አካልዋ፣ የሚበላ ሲያጣ ከራሱ ሥጋና አጥንት እየቀነሰ የሕፃኑን ድርሻ ለመሙላት ይታገላልና፣ አብዛኛውን ጕዳት የምትሸከመው እርስዋ ናት። ጾም የራስን ቀንሶ ለሌላው መስጠት ከሆነ፣ ይህች ሴት ሌሊትና ቀን በዚሁ ግብር ላይ ሳለች ሌላ ምን እንጠይቃታለን? ለዚህ ነው በቤተ ክርስቲያናችን የንስሐ አባት ለምታጠባ እናት ጾሙን የሚያቀልላት፤ በእስልምናም ለራስዋ ወይም ለልጅዋ የምትሰጋ አጥቢ በረመዳን እንድትፈታ ተፈቅዶላታል፤ ቅዱስ ቍርኣንም በአል በቀራ ምዕራፍ የማጥባትን ጊዜ ሙሉ ሁለት ዓመት ያደርሰዋል። ሃይማኖት ያቀለለውን ልማድ ሲያከብደው፣ እናቲቱ የልማዱን ቀንበር የሃይማኖት ትእዛዝ መስሎአት ትሸከማለች፤ ጥፋቱ የርስዋ አይደለም።

እንግዲህ የንስሐ አባቶችና ሼኮች፣ አማቶችና አያቶች፣ ሴቲቱ ምጥ ሳይይዛት አስቀድማችሁ ንገሩአት፤ ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ እንገሩን ይጥባ፤ ሐኪም ካላዘዘ በቀር እስከ 6 ወር ቅቤም ውሃም አይቅመስ፤ እርስዋም ጠግባ ትብላ።