የወደቀው ግንድና ባለምሳሮቹ

«የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» የሚለው ምሳሌ፣ ከሥልጣን የወረደን ሰው ቆሞ ሳለ ሊነኩት ያልደፈሩት ሁሉ እንደሚረባረቡበት የሚያመለክት ሲሆን፣ ስለ ባለምሳሮቹ ማንነት ግን የሚለው ነገር የለም። የምሥራቅ ጀርመኑ መሪ የኤሪክ ሆኔከር ሕይወት ይህን ጉድለት ያጋልጣል።

እ.ኤ.አ. በ1912 በዛርላንድ የተወለዱት ሆኔከር፣ የጣሪያ ሥራ የተማሩ ወጣት ኮሚኒስት ሆነው ናዚዎችን በኅቡዕ ሲታገሉ በ1935 ተይዘው እስከ 1945 ታሰሩ፤ በ1961 የበርሊንን ግንብ ሥራ አስተባበሩ፤ ከ1971 ጀምሮም ገዥውን ፓርቲ መሩ። በ1979 አዲስ አበባ መጥተው ከደርግ መንግሥት ጋር የወዳጅነት ውል ሲፈራረሙ ግንዱ ገና ጽኑ ነበር።

ጥቅምት 1989 ፖሊትቢሮው፣ ማለትም የፓርቲው ከፍተኛ የውሳኔ አካል፣ ሲሰበሰብ ከሥልጣን ይነሡ የሚል ሐሳብ ያቀረቡት ለዓመታት አብረዋቸው የሠሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ቪሊ ሽቶፍ ነበሩ፤ የቅርብ አጋራቸው ጉንተር ሚታግም ደገፉ፤ በመጨረሻ ሆኔከር ራሳቸው፣ ውሳኔው በሙሉ ድምፅ እንዲያልፍ በሚጠይቀው የፓርቲ ወግ መሠረት፣ በራሳቸው ላይ ድምፅ ሰጡ። የመጀመሪያዎቹ ምሳሮች የተነሡት እንግዲህ ከጥላው ሥር ነው። ሆኔከርም በ1971 መባቻ፣ ያሳደጓቸው የቀድሞው የፓርቲ መሪ ቫልተር ኡልብሪኽት እንዲነሡ ከጓዶቻቸው ጋር ለሶቪየት መሪ ለብሬዥኔቭ በመጻፋቸው፣ መሪ በሕዝብ ምርጫ በማይለወጥበት ሥርዓት ምሳር የመተካኪያ መንገድ እንደነበር መረዳት ይቻላል፤ ይህን ፍርድ ብሎ መጥራት ግን አይገባም።

ፍርድ የሚገባው ጉዳይ ግን ነበር፤ በበርሊን ግንብ ላይ ቢያንስ 140 ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ምሳሌው የሟቾቹን ቤተሰቦች፣ ግንዱ ቆሞ ሳለ አቤቱታ እንኳ የተነፈጉትን፣ ከጥላው ሥር ከተነሡት ጋር አንድ አድርጎ ሲቆጥርና አድማጭ ለግንዱ ብቻ እንዲያዝን ሲያደርግ፣ ያለ ጥርጥር ይበድላል።

በጥር 1990 ሆኔከርና ባለቤታቸው መጠለያ ሲያጡ፣ በሎቤታል ቤታቸውን የከፈቱላቸው ፓስተር ኡቨ ሆልመር ነበሩ። የትምህርት ሚኒስትር በነበሩት በማርጎት ሆኔከር ዘመን ከፓስተሩ አሥር ልጆች አብዛኞቹ ከከፍተኛ ትምህርት ተከልክለው ነበር፤ ሆልመር ግን ይቅርታን የሚለምን ጸሎት የሚጸልይ ሰው ይቅርታን ሊነፍግ አይችልም በማለት የተቃውሞውን ናዳ ችለው ለሁለት ወር ያህል አስጠለሏቸው። ምሳሌው ያላሰበው ሰው ይህ ነው፤ ምክንያት እያለው ምሳር ያላነሣ። ይቅር ያሉት ግን የራሳቸውን በደል ነው እንጂ የሟቾቹን አይደለም፤ የሟቾቹ ጉዳይ የፍርድ ቤት ነበር። በኅዳር 1992 በበርሊን የተጀመረው ችሎት ሆኔከር በጉበት ካንሰር ምክንያት ብይኑ ላይ እንደማይደርሱ ታምኖ በጥር 1993 ተቋረጠ፤ እርሳቸውም በ1994 በቺሊ ሲሞቱ፣ የሟች ቤተሰቦች በእርሳቸው ላይ የተሰጠ ብይን ሳይሰሙ ቀሩ።